ከጠላቅ ቃል በኋላ፦ «ሚንሃጅ»ን የምናቀራበት መንገድ ሲመዘን

የሻፊዒይን ፊቅህ ለሚቀራ ደረሳ «ሚንሃጁ ጧሊቢን» የመድረሻ መለኪያ ሆኖ ኖሯል። ኢማም ነወዊይ (ረሒመሁሏህ) በ676 ሂጅሪያ ወደ አኼራ ከሄዱ ወዲህ ኢብኑ ሐጀር አልሀይተሚይ፣ ኸጢብ አሽሺርቢኒይና ሸምሱዲን አርረምሊይ ሰፋፊ ሸርሖች ጽፈውለታል፤ በሀገራችንም ከሐረር እስከ ወሎ ባሉ ሐለቃዎች ሼኽ ለደረሳ ሲያወርሰው ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ የምንመዝነው ኪታቡን አይደለም፤ እኛ መምህራኑ የምናቀራበትን መንገድ ነው። ነቀፌታችንም አጭር ነው፦ ትዳር የሚፈርስበትን ቃል በጥልቀት እናስተምራለን፤ ቃሉ ከአፍ ከወጣ በኋላ የሚጀምረውን ሕግ ግን በችኮላ እናልፈዋለን፣ ብዙ ጊዜም ከናካቴው አንደርስበትም።

«ኪታቡ ጠላቅ» ሲቀራ ሐለቃው እንዴት እንደሚደምቅ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ግልጹ ቃል (ሶሪሕ) ከስውሩ (ኪናያ) ይለያል፤ ግማሽ ጠላቅ ተብሎ ሲነገር ለምን አንድ ሙሉ ጠላቅ እንደሚሆን ይብራራል፤ «ሦስት፣ ከሁለት በስተቀር» ያለ ሰው ስንት ጠላቅ እንደወደቀበት ይሰላል። ጠላቅን በበር መግባት፣ በመውለድ፣ በወር መታየት ላይ ማንጠልጠል (ተዕሊቅ) ደግሞ የብልህ ደረሳ መፈተኛ ነው። ይህ ሁሉ ዕውቀት ነው፤ አእምሮን ይስላል፤ ሙፍቲውን ከስሕተት ይጠብቃል። ነገር ግን በዚህ ስሌት የተካነው ደረሳ ኢማም ሆኖ በተሾመበት መስጊድ የተፈታች ነፍሰ ጡር መጥታ «የቤት ኪራዩን ማን ይክፈል?» ብላ ብትጠይቀው፣ መልሱ የት ባብ ውስጥ እንዳለ ለማስታወስ ይቸገራል።

የአላህን ኪታብ አቀማመጥ ከእኛ አቀማመጥ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ሱረቱ ጠላቅ 12 አንቀጾች አሏት። ሕግ የሚደነግጉት የመጀመሪያዎቹ ሰባቱ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ስለ መፍታቱ ራሱ የሚናገረው የመጀመሪያው አንቀጽ መክፈቻ ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚያዘው ጠላቁ ለዒዳ በሚመች ጊዜ እንዲሆን ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ዒዳን መቁጠር፣ ሴቲቱን ከቤቷ አለማስወጣት፣ በመልካም መያዝ ወይም በመልካም መለያየት፣ ሁለት ፍትሐዊ ምስክሮችን ማቆም፣ የወር አበባ ያቆመችውና የነፍሰ ጡሯ ዒዳ፣ መኖሪያና ቀለብ፣ የጡት ማጥባት ዋጋ፣ ስለ ሕፃኑ በመልካም መመካከር፣ ባለጸጋው እንደ ሀብቱ፣ ድኻውም እንደ አቅሙ ማውጣቱ ነው። ሱራዋ በጠላቅ ስም ብትጠራም የምትናገረው ከጠላቅ በኋላ ስላለው ኑሮ ነው። በመካከሉ ተቅዋ ደጋግሞ መነሣቱም ያለ ምክንያት አይመስለንም፤ ሰው የሚፈተነው ቃሉን በሚናገርበት ቅጽበት ይልቅ ቀጥለው በሚመጡት ወራት ነውና።

የሐለቃዎቻችን ችግር በከፊል ከኪታቡ አደረጃጀት ይመጣል። በ«ሚንሃጅ» ከፍች በኋላ ያሉ ሕጎች በአንድ ቦታ አልተሰበሰቡም። ለተፈታችው የሚሰጠው ሙትዓ በ«ኪታቡ ሶዳቅ» ውስጥ ያለ ፈስል ነው፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች በ«ቀስም ወን-ኑሹዝ» መጨረሻ ይገኛሉ፤ ኹልዕ የራሱ ኪታብ አለው፤ ዒዳና የዒዳ መኖሪያ ከሊዓን በኋላ ይመጣሉ፤ ሐዷና ደግሞ የ«ኪታቡ ነፈቃት» የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ነው። ይህ ለፈቂህ እንግዳ አይደለም፤ እያንዳንዱ መስአላ ከዘመዱ ጋር ተቀምጧል። ለደረሳው ግን አደጋ አለው። ኪታቡን ጀምረው ከሚያቋርጡት ደረሶች ብዙዎቹ ጠላቅን አልፈው ነፈቃ ላይ አይደርሱም፤ የደረሱትም ሼኹ ወደ ጂራሕ ለመሻገር በሚቸኩሉበት ወቅት ነው የሚያገኙት። መትኑን በየተራው ማቅራት እንዳለ ሆኖ፣ መምህሩ ጠላቅን ሲጨርስ እነዚህን ፈስሎች በአንድ ላይ አምጥቶ ቢያስነብብ ነወዊይን መበደል አይሆንም።

ችኮላችን የት ላይ ጉዳት እንደሚያደርስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማሳየት ይቻላል። በመዝሀቡ የሚስት ነፈቃ ጊዜው ቢያልፍም በባል ላይ ዕዳ ሆኖ ይቀመጣል። የልጅ ነፈቃ ግን እንደዚያ አይደለም። ነወዊይ የቅርብ ዘመድ ነፈቃ ጊዜው ሲያልፍ እንደሚወድቅና ዕዳ እንደማይሆን፣ ከዚህም የሚወጣው ቃዲ የቆረጠው ወይም አባት በራቀ ወይም በከለከለ ጊዜ ቃዲ ለመበደር የፈቀደው እንደሆነ ጽፈዋል። ሻሪሖች የቃዲው መቁረጥ ብቻውን ይበቃል ወይስ ብድሩ በእርግጥ መወሰድ አለበት በሚለው ተከራክረዋል፤ ሁሉም የተስማሙበት ግን ያለ ቃዲ ያለፈው ቀን ያለፈ መሆኑን ነው።

የዚህን ዓረፍተ ነገር ክብደት ከእኛ ልማድ ጋር አስተያዩት። እናት ሁለት ሕፃናት ይዛ ወደ መስጊድ ትመጣለች። ኢማሙ በመልካም አሳብ «ታገሺ፣ ሽማግሌ እንልካለን» ይላል። ሽማግሌዎቹ ባልየውን እስኪያገኙት አንድ ወር፣ ቀጠሮ እስኪያከብር ሁለት ወር፣ ከዚያ ረመዷን፣ ከዚያ ዒድ። ስምንት ወር ካለፈ በኋላ ጉዳዩ ወደ ቃዲ ሲደርስ፣ በመዝሀቡ ሕግ መሠረት የልጆቹ የስምንት ወር ቀለብ የሚጠየቅበት መንገድ ጠብቧል። ትዕግሥትን የመከረው ኢማም ሳያውቀው የየቲም ያህል ደካማ የሆነን ወገን ሐቅ አስመልጧል። ሱልሕ በጎ ነገር ነው፤ ቁርኣንም አወድሶታል። ዳሩ ግን ሱልሕ የሚፈለገው በባልና በሚስት መካከል ነው፤ የልጁ ቀለብ ለሱልሑ መያዣ አይሆንም። ሽማግሌው ሥራውን እየሠራ የነፈቃው ጉዳይ በዚያው ሳምንት ወደ ቃዲ ሊቀርብ ይችላል፤ ይህን የሚከለክል ቃል በየትኛውም ሸርሕ አላገኘንም።

የሽማግሌዎቹን ሥልጣንም በቅጡ አናስተምርም። በሱረቱ ኒሳእ 35ኛ አንቀጽ የተጠቀሱት ሁለቱ ሐከሞች፣ አንዱ ከእርሱ ቤተሰብ ሌላው ከእርሷ፣ በ«ሚንሃጅ» ሚዛን በደፋው አቋም የባልና የሚስት ወኪሎች ናቸው። ባል በጠላቅና የኹልዕ ካሳን በመቀበል ወኪሉን ይሾማል፤ ሚስትም ካሳውን በመስጠትና ጠላቁን በመቀበል ወኪሏን ትሾማለች። እነርሱ ሳይወክሉ ማፋታት የለም። በማሊኪይ መዝሀብ ግን ሐከሞቹ ዳኞች ናቸው፤ ባልና ሚስት ባይስማሙም ፍርዳቸው ይጸናል። በአካባቢያችን ያለው ሽምግልና ከሁለቱም አይደለም፦ ወኪልነት አልተሰጠውም፣ ዳኝነትም አልተሾመም፤ ነገር ግን «ሽማግሌ የወሰነውን አልፈሽ ወዴት ትሄጃለሽ?» የሚል ክብደት አለው። ይህን ክብደት ከየት እንዳገኘ መጠየቅ የመምህር ሥራ ነው።

ፈቃድ የሚለው ነገር ወደ ሀገራችን የዳኝነት ሥርዓት ይወስደናል። የቃዲዎች ፍርድ ቤት በሕግ የተቋቋመው በ1934 ዓ.ም ነው፤ በ1936 ዓ.ም በሌላ አዋጅ ተሻሻለ። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኙ በር ከፍቷል፤ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992ም በመጀመሪያ ደረጃ፣ በከፍተኛና በጠቅላይ ሸሪዓ ፍርድ ቤት አደራጅቷቸዋል። በፍሬ ነገሩ የሚፈረደው በእስልምና ሕግ ነው፤ የክርክሩ አካሄድ ግን የመደበኛው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ነው። መጥሪያ፣ የጽሑፍ መልስ፣ ማስረጃ፣ ይግባኝ ሁሉ አለ። ይህን የማያውቅ ኢማም ሰውን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሲልክ ወደ ሼኽ ምክር የላከ ይመስለዋል፤ ሴቲቱም ያለ ሰነድ ሄዳ ትመለሳለች።

ፈቃዱ የማስመሰያ ቃል አለመሆኑን በ1996 ዓ.ም የፌዴሬሽን ምክር ቤት በአንድ የውርስ ክርክር ላይ የሰጠው ውሳኔ አሳይቷል። ተከራካሪዋ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ሳትፈቅድ የተሰጠው ፍርድ ሕገ መንግሥቱን እንደሚቃረን ተወስኗል። አንዳንድ ወንድሞች ይህን ውሳኔ የዲን ሽንፈት አድርገው ያዩታል። እኛ እንዲህ አናየውም። ሐከምን የሁለቱ ወገን ወኪል ያደረገ መዝሀብ የሚከተል ሰው የፈቃድ ጥያቄ ሲነሣ ሊደነግጥ አይገባውም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበን ፈቃዱ በዕውቀት አለመሰጠቱ ነው። ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ በሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በጋብቻ ወቅት የተፈራ ሀብት የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ በፍች ጊዜም በመርሕ ደረጃ እኩል ይካፈላል። በፊቅህ ግን ጋብቻ ብቻውን ሀብትን አያቀላቅልም፤ የእርሷ የእርሷ፣ የእርሱ የእርሱ ነው። በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሚስት የራሷን ድርሻ የምታገኘው ገንዘቧ፣ ሥራዋ ወይም ሽርክናዋ መኖሩን ስታስረዳ ነው። በአንጻሩ መህሯ፣ ሙትዓዋና ያለፈው ነፈቃዋ በዚያ ቤት የሚታወቁ ሐቆች ናቸው። እንግዲህ ሃያ ዓመት በባሏ ሱቅ ቆማ የሸጠች ሴት «የሸሪዓውን ምረጪ» ስትባል፣ ምን እንደምትጠይቅና በምን እንደምታስረዳ አብሮ ሊነገራት ይገባል። ይህን መደበቅ ዲንን መርዳት የሚመስላቸው አሉ። አማና መሆኑን ረስተውታል። ጉዳዩ አንዴ በፈቃድ ከተያዘ በኋላ ወደ ሌላኛው ፍርድ ቤት ማዛወር እንደማይቻል አዋጁ ስለሚደነግግ፣ ምክሩ የሚጠቅመው ከመዝገቡ መከፈት በፊት ነው። ለመምህራንም ሌላ ሥራ ይቀራል፦ የሚስት ድካም በሽርክና፣ በኪራይ ወይም በተመጣጣኝ ዋጋ (ኡጅረቱል ሚስል) ባብ ሥር እንዴት እንደሚታይ ከራሳችን ኪታቦች አውጥቶ ማሳየት። ይህ ራሱን የቻለ ጥናት ስለሚፈልግ እዚህ አንገባበትም።

ስለ ሙትዓ ግን ሁለት ቃል እንበል። በመዝሀቡ ባል በፈቃዱ የፈታት፣ አብሯት የኖረች ሚስት መህሯን ብትወስድም ሙትዓ ይገባታል፤ ይህ በአዝሀሩ አቋም ዋጂብ ነው። ከ30 ድርሃም ባያንስ የተወደደ ሲሆን፣ ካልተስማሙ ቃዲው የሁለቱን ሁኔታ አይቶ ይቆርጠዋል። በሱረቱል በቀራ 241ኛ አንቀጽ ላይ የተመሠረተ ሐቅ ነው። በተፈታች ሴት ፊት ይህን ቃል የሚያነሣ ኢማም ግን ስንት ነው? በሞሮኮ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ባል ጠላቁን ለማስመስከር ፍርድ ቤት ፈቃድ እንዲጠይቅ ያስገድዳል፤ ቀሪ መህርን፣ የዒዳ ነፈቃንና መኖሪያን፣ ሙትዓንም በ30 ቀን ውስጥ ካላስያዘ ጥያቄውን እንደተወ ይቆጥረዋል። ሕጉን እንደ ወረደ እንቅዳ አንልም። ይሁንና የማሊኪይ ሀገር ኡለማዎች የተበታተኑትን ሐቆች በአንድ ቀንና በአንድ ሰነድ መሰብሰብ እንደሚቻል አሳይተዋል።

የእኛን ሰነድ እንይ። በየመስጊዱ የሚጻፈው የፍች ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት መስመር ነው፦ እገሌ እገሊትን ፈትቷል፣ ምስክሮች እነ እገሌ። ጠላቁ ስንተኛው እንደሆነ፣ የሚመለስበት (ረጅዒይ) ይሁን የማይመለስበት (ባኢን)፣ በየትኛው ቀን እንደወደቀ፣ እርጉዝ መሆኗ፣ ከመህሩ ስንት እንደቀረ፣ የልጆቹ ዕድሜና ከማን ጋር እንዳሉ አይገኝበትም። ከወራት በኋላ ባልየው «ረጅዓ አድርጌያለሁ» ቢል ወይም እርሷ ሌላ ኒካሕ ብትጠየቅ፣ ቃዲው ከዚያ ወረቀት የሚያገኘው ነገር የለም። በሻፊዒይ ጀዲድ አቋም ለረጅዓ ማስመስከር ሸርጥ አይደለም፤ ሱንና ነው። ሸርጥ አለመሆኑን ብቻ አስተምረን ሱንናነቱን ስለዘነጋን ስንት ክርክር እንደተወለደ ቃዲዎቻችን ይነግሩናል።

ባል በባሕረ ሰላጤው ሀገር ሆኖ በስልክ መልእክት ሲፈታ ደግሞ የትምህርታችን ዝንባሌ ፊት ለፊት ይታያል። ኢማሙ «ሚንሃጅ»ን ያስታውሳል፦ መናገር የሚችል ሰው ጠላቅን ቢጽፍና ባይነይት ከንቱ ነው፤ ቢነይት በአዝሀሩ አቋም ይወድቃል። ስልክ ደውሎ ኒያውን ይጠይቃል። «ነይቻለሁ» የሚል መልስ ያገኛል። ለሴቲቱ «ወድቋል» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። እስከዚህ ያለው ፍጹም ትክክል ነው። ነገር ግን ሰውየው በመስመር ላይ ሳለ ቀኑ መቼ እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ፈትቶ እንደሆነ፣ የዒዳዋን ወጪና የልጆቹን ቀለብ በየት በኩል እንደሚልክ ሳይጠየቅ ቀረ። ዒዳው የሚቆጠረው ወሬው ከደረሳት ቀን ሳይሆን ጠላቁ ከወደቀበት ቀን ጀምሮ በመሆኑ የቀኑ ጥያቄ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ሰውየውንም እንደገና ማግኘት ቀላል አይሆንም።

የመኖሪያው ጉዳይ ይበልጥ ይከብደናል፤ ጥፋቱ መልካም ምግባር መስሎ ስለሚታይ። ሴት በተፈታች ዕለት ወንድሞቿ መጥተው ዕቃዋን ጭነው ወደ አባቷ ቤት ይወስዷታል፤ ይህም ክብር ይባላል። ኪታቡ ግን ለተፈታችው፣ ጠላቁ ባኢን ቢሆን እንኳ፣ ኑሹዝ ካልኖረባት የዒዳ መኖሪያ እንደሚገባት፣ ባልም ሆነ ሌላ ሰው እንዳያስወጣት፣ እርሷም ያለ ምክንያት እንዳትወጣ ይላል። ባኢን በሆነው ጠላቅ ላይ መዝሀቦች ተለያይተዋል፤ ሐነፊዮች ነፈቃም መኖሪያም ሲሰጧት፣ ሐንበሊዮች በፋጢማ ቢንት ቀይስ ሐዲስ መነሻ ሁለቱንም አይሰጧትም፣ ሻፊዒዮች መኖሪያን ሰጥተው ነፈቃን ለነፍሰ ጡሯ ወስነዋል። በረጅዒይ ግን ልዩነት የለም፤ ቤትም ቀለብም ይገባታል። ወንድሞቿ ዕቃውን በሚጭኑበት ሰዓት ኢማሙ ተገኝቶ «ሱረቱ ጠላቅን አንብቡ» ቢል፣ ብዙ ኒካሕ በረጅዓ የሚድንበት ሦስት ወር ይተርፍ ነበር።

ሐዷናን ስንመለከት በሕዝባችን ውስጥ የተስፋፋ አንድ አባባል አለ፦ «ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው ለአባቱ»። ይህ የ«ሚንሃጅ» ቃል አይደለም። ኪታቡ እንደሚለው ለይቶ ማወቅ የጀመረ (ሙመይዪዝ) ልጅ ወላጆቹ ሁለቱም ብቁ ከሆኑ ይመርጣል። አንዱን መርጦ ኋላ ሌላውን ቢመርጥ ወደዚያኛው ይዛወራል። ወንድ ልጅ እናቱን ቢመርጥ ሌሊት ከእርሷ ዘንድ ያድራል፣ ቀን ከአባቱ ጋር ሆኖ አባቱ ያርመዋል፣ ወደ ትምህርትና ወደ ሙያ ይልከዋል። አባቱን ቢመርጥ እናቱን ከመጎብኘት አይከለከልም። ይህ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ የቆየ መትን ልጁ ሁለቱንም ወላጆች እንዳያጣ ያደረገው ጥንቃቄ ነው፤ እኛ ግን ወደ አንድ ቁጥር አሳጠርነው።

እናት ባዕድ ሰው ብታገባ ሐቋ መውደቁን ሁሉም ያውቃል። ተራው ለማን እንደሚሄድ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ገና ለይቶ ላላወቀ ሕፃን ከእናት ቀጥሎ የሚመጡት የእናት እናቶች ናቸው፤ አባት ከእነርሱ በኋላ ነው። እናት አገባች ተብሎ የአራት ዓመት ልጅ ከአያቷ እቅፍ ተነጥቃ የምትወሰድበት ፍርድ በየትኛው ባብ ላይ እንደቆመ አይገባንም።

በዘመናችን የበዛው ደግሞ የእናት ለሥራ ወደ ዐረብ ሀገር መሄድ ነው። ሴት ያለ መሕረም መጓዟ ራሱን የቻለ መስአላ ነው፤ ከሐዷናው ጋር መቀላቀል የለበትም። ነወዊይ ከወላጆች አንዱ ለጉዳይ ቢጓዝ ልጁ፣ ለይቶ ያወቀም ሆነ ያላወቀ፣ ተጓዡ እስኪመለስ ከቀረው ወላጅ ጋር ይሆናል ብለዋል፤ ሻሪሖችም ሐጅንና ንግድን ምሳሌ አድርገው ጠቅሰዋል። ኑሮን ጠቅልሎ ለመዛወር የሚደረገው ጉዞ ብቻ ነው ሌላ ሕግ ያለው። ቀለብ ለመሸፈን በውል የሄደች፣ ቤቷም ዘመዷም እዚህ ያለ እናት ከየትኛው ክፍል እንደሆነች መለየት ለመምህር አይከብድም። «እስኪመለስ» የሚለው ቃል መትኑ ውስጥ ተጽፎ ሳለ፣ ሐቋ በመሄዷ ለዘላለሙ ወድቋል ብሎ ፈትዋ የሰጠ ሰው ከየትኛው ሸርሕ እንዳገኘው ሊያሳየን ይገባል።